ቫሪኮሴል አለባችሁ ለተባላችሁና ልጅ ለምትፈልጉ ወንዶች፦ ከላብራቶሪው መስኮት ጀርባ

ሐኪሙ የጻፈላችሁን የምርመራ ወረቀት አራት ቦታ አጣጥፋችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ የምትዞሩ ወንዶች፣ ይህ ለእናንተ ነው። የምሠራው ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ያለ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። የዘር ፈሳሽ በማይክሮስኮፕ የማየው እኔ ነኝ። ሰዉ ነጭ ጋውን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ይላል እንጂ ዶክተር አይደለሁም። ስለዚህ መድኃኒት አላዝም፣ ቀዶ ሕክምናም አልመርጥላችሁም። ግን ከመስኮቴ ጀርባ ሆኜ የማየው ነገር አለ። ብዙው ወንድ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ ቅደም ተከተሉም የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ ፋርማሲ ገብቶ ቫይታሚን ይገዛል። ቀጥሎ በራሱ ፈቃድ አልትራሳውንድ ይነሳል። እኔ ጋ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ደግሞ የመጀመሪያው መሆን ነበረብኝ።

መቼ ነው መመርመር

ያለ መከላከያ አንድ ዓመት ሞክራችሁ እርግዝና ካልመጣ ሁለታችሁም ትመረመራላችሁ። ሚስት 35 ዓመት ከሞላት ስድስት ወር ይበቃል። «ሁለታችሁም» የሚለው ላይ አስምሩበት። ልጅ አልመጣ ካላቸው ጥንዶች በግማሽ ገደማው ላይ የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ ይገኛል። እኛ አካባቢ ግን ሚስት የማህፀን ቱቦ ራጅ ተነስታ፣ ሆርሞኗ ተለክቶ፣ ጠበል ተጠምቃ ወይ ዱዓ ተደርጎላት፣ አማቷም ፊት ነስታት ካበቃ በኋላ ነው ባል ትዝ የሚለው። የእሷ ራጅ ያማል። የእሱ ምርመራ አያምም፣ ርካሽም ነው።

አንዲት እናት ምራታቸውን ይዘው መጥተው «ልጄ፣ የኔ ልጅ እንደ በሬ ጠንካራ ነው፤ እሷን መርምራት» ብለውኛል። በሬማ የተቀጠቀጠ ነው እናቴ ልላቸው አማረኝና ዋጥኩት። ጥንካሬና ዘር አይገናኙም። በአልጋ ላይ ምንም ችግር የሌለበት ሰው ናሙናው ውስጥ አንድም ስፐርም ላይገኝ ይችላል። የፈሳሹ ብዛትና ውፍረትም ውስጡ ስንት ስፐርም እንዳለ አይነግራችሁም፤ አብዛኛው ፈሳሽ የሚመጣው ከቆለጥ ሳይሆን ከሌሎች ዕጢዎች ነው።

ቫሪኮሴል ምንድን ነው

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን የሚወጣ የተጫነ መኪና ሞተሩ ሲደክም ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ከጎማው ኋላ ታኮ ይጥላል። ደም መልስ ሥሮቻችን ውስጥም እንዲህ ያለ ታኮ አለ። ቫልቭ ይባላል። ከቆለጥ ወደ ላይ የሚመለሰውን ደም ተንሸራቶ እንዳይወርድ ይይዘዋል። ቫልቩ ሲላላ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ታች ይጠራቀማል፣ በቆለጡ ዙሪያ ያሉት ደም ሥሮች ተለጥጠው ይጠማዘዛሉ። ቫሪኮሴል ማለት ይኸው ነው።

አብዛኛውን ጊዜ በግራ በኩል ነው የሚወጣው። የግራው ደም ሥር ከቀኙ ይረዝማል፤ ወደ ግራ ኩላሊት ደም ሥር የሚገባውም ቀጥ ባለ ማዕዘን ነው። የቀኙ አዘንብሎ በቀጥታ ወደ ትልቁ ደም መልስ ይገባል፣ ስለዚህ ብዙም አይቸገርም። ከ100 ወንዶች 15 ያህሉ ቫሪኮሴል አለባቸው። ልጅ አልመጣ ብሎ ከሚመረመሩት መካከል ደግሞ ከ100ው ከ35 እስከ 40 የሚሆኑት። ሁለቱን ቁጥሮች አብራችሁ አንብቧቸው። ቫሪኮሴል ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያለችግር ይወልዳል። ስለዚህ «አለብህ» ስለተባላችሁ ብቻ መካን ነኝ ብላችሁ ቤት እንዳትዘጉ።

ራሳችሁን ማየት ትችላላችሁ። የደሴ ብርድ ቆዳውን ሰብስቦ ሁሉንም ስለሚደብቅ ሞቅ ባለ ውሃ ከታጠባችሁ በኋላ ይሻላል። ቁሙ። ከቆለጡ በላይ ያለውን ገመድ በጣቶቻችሁ መሃል ያዙት። የተጠማዘዘና ለስላሳ፣ ስትጫኑት የሚሸሽ ነገር ካለ፣ ስትተኙም ከጠፋ ቫሪኮሴል ሳይሆን አይቀርም። አንዳንዱ ቀኑን ቆሞ ሲውል ማታ ላይ የመክበድና የመጎተት ስሜት አለው። ብዙው ግን ምንም አይሰማውም። ቁርጡን የሚናገረው ሐኪሙ ነው።

አራት ነገር ካያችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ። ድንገተኛ ከባድ የቆለጥ ሕመም ካለ የዚያኑ ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ፤ ቆለጥ ተጠምዝዞ ከሆነ የሚድነው በሰዓታት ውስጥ ነው። በቆለጡ ላይ ድንጋይ የመሰለ ጠጣር እብጠት ካለ፣ በቀኝ በኩል ብቻ አዲስ ቫሪኮሴል ከወጣ፣ ወይም ስትተኙ የማይጠፋ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ሆዳችሁንና ኩላሊታችሁንም ማየት አለበት።

ቫሪኮሴል ስፐርምን እንዴት ይጎዳል፦ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ

ቆለጥ ከሰውነት ውጪ የተንጠለጠለው በምክንያት ነው። ከሌላው ሰውነት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀዝቀዝ ማለት አለበት። የሞቀ ደም ሲተኛበት ይሞቃል። የቆመ ደም ደግሞ ኦክስጅን በደንብ አያደርስም። በዚህ ጭንቅ ውስጥ ያሉት ሴሎች ፍሪ ራዲካል የሚባሉ፣ ያገኙትን ሁሉ የሚያጠቁ የኦክስጅን ቅንጣቶች ከመጠን በላይ ያመነጫሉ። ሰውነት እነሱን የሚያረጋጋበት የራሱ አንቲኦክሲዳንት አለው። የሚመነጨው ከሚረጋጋው ሲበልጥ ያ ሁኔታ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ይባላል። ሙቀቱ በግራ በኩል ብቻ አይቀርም፤ ቀኙንም ይነካል።

ስፐርም ለዚህ ጥቃት እጅግ የተጋለጠ ነው። ሽፋኑ በቀላሉ ኦክስጅን በሚያጠቃው የስብ ዓይነት የተሠራ ነው። ውስጡ ደግሞ ለመዋኘት እንዲቀል ተብሎ ተራግፏል። ሌላው ሴል ጉዳቱን የሚጠግንባቸው ኢንዛይሞች እሱ ጋ እምብዛም የሉም። ሽፋኑ ሲጎዳ ጅራቱ ይደክማል። ጥቃቱ ወደ ጭንቅላቱ ሲዘልቅ ዲኤንኤው፣ ማለትም የዘር መረጃውን የያዘው ክር፣ ይቆራረጣል። ዲኤንኤው የተቆራረጠ ስፐርም እንቁላሉ ጋ ላይደርስ ይችላል። ደርሶም ፅንሱ ላይገፋ ይችላል። ተደጋጋሚ ውርጃ ሲኖር ሐኪሞች ወደ ባልም የሚያዩት ለዚህ ነው።

በማይክሮስኮፕ ስር ይህን እንዴት እንደማየው ልንገራችሁ። ጤነኛ ናሙና ላይ ስፐርሞቹ የመስኩን ዳር እስከ ዳር አቋርጠው ይወጣሉ፤ ዓይኔ አንዱን ተከትሎ ሳይጨርስ ያመልጠዋል። የተጎዳው ናሙና ላይ ጅራቱ ይወራጫል፣ ጭንቅላቱ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። አንዳንዱ ጭንቅላቱ ሾጥጦ ይታያል። አንዳንዱ ደግሞ አንገቱ ላይ ትንሽ ጠብታ ተንጠልጥላለች። ያቺ ጠብታ ስፐርሙ ሲበስል መራገፍ የነበረባት ትርፍ ፈሳሽ ናት። ሳይበስል የወጣ ስፐርም እሷን ይዞ ይወጣል፣ እሷም ራሷ ተጨማሪ ፍሪ ራዲካል ታመነጫለች። ይህን ሁሉ አይቼ ግን «ኦክሲዴቲቭ ስትረስ አለበት» ብዬ አልጽፍም። በዓይን የሚታየው ጉዳቱ ነው፤ ጉዳቱን ያመጣው ምን እንደሆነ ማይክሮስኮፕ አይናገርም።

ደግሞ አንድ ነገር፦ ጥቂት ፍሪ ራዲካል ያስፈልጋል። ስፐርሙ እንቁላሉ ውስጥ ለመግባት የሚዘጋጀው በእሱ ርዳታ ነው። ጨርሶ ማጥፋት ግብ አይደለም። ወደ ኪኒኖቹ ስንደርስ ይህን አስታውሱ።

ናሙና አሰጣጥ

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ግማሹ ችግር የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከግንኙነት ከ2 እስከ 7 ቀን ታቅባችሁ ኑ። ከዚያ ያነሰ ቁጥሩን ይቀንሳል። «ይጠራቀምልኝ» ብሎ ሦስት ሳምንት መቆየት ደግሞ ይብሳል። ቁጥሩ ከፍ ይል ይሆናል፣ ግን ቆይቶ የተቀመጠው ስፐርም ለፍሪ ራዲካል የተጋለጠበት ጊዜ ስለሚረዝም ይደክማል፣ ይሞታልም። ሁዳዴን ሙሉ ተለይቶ ጾሞ በፋሲካ ማግስት በቀጥታ የሚመጣ ሰው ውጤቱ ሊያስደነግጠው ይችላል። እንዲህ ያላችሁ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ከባለቤታችሁ ጋር ተገናኙ፣ ከዚያ ቀን ቆጥራችሁ ኑ። ረመዳን ላይ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮውን ከዒድ በኋላ አድርጉት፤ የሚያስቸኩል ነገር የለውም።

ባለፉት ሦስት ወራት ውስጥ ትኩሳት ይዟችሁ ከነበረ ንገሩን። ኮምቦልቻ ወባ አለ፤ ታይፎይዱም የትም አለ። ስፐርም ተሠርቶ እስኪወጣ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል። ዛሬ የምትሰጡት ናሙና የተጀመረው ያኔ ነው። የዚያ ወር ትኩሳት ዛሬ ወረቀቱ ላይ ይወጣል።

ናሙናውን ላብራቶሪው ውስጥ መስጠት ይመረጣል። ባለቤታችሁ አብራችሁ ልትገባ ትችላለች፤ ማንም አይጠይቃችሁም። እጃችሁንና ብልታችሁን በውሃ ታጠቡ፣ ሳሙናውን በደንብ አስለቅቁ። ምራቅ፣ ቫዝሊን፣ ቅባት የሚባል ነገር አትጠቀሙ፤ ስፐርሙን ይጎዱታል። ኮንዶም ውስጥ ሰብስባችሁ አታምጡ፤ ተራ ኮንዶም ስፐርም የሚገድል ነገር ይኖረዋል። ከግንኙነት መሃል አቋርጦ መቀበልም አይመከርም። ምክንያቱም ብዙው ስፐርም ያለው የመጀመሪያው ጠብታ ውስጥ ነው፤ እሱ ከፈሰሰ የቀረው ውሸት ይናገራል። ከፈሰሰባችሁ አትፈሩ፣ ንገሩኝ። እጽፈዋለሁ ወይ ሌላ ቀን እቀጥራችኋለሁ። ዝም ብላችሁ ስትሰጡኝ ነው ያለ ጥፋታችሁ «ቁጥርህ ትንሽ ነው» የምትባሉት።

ከቤት ማምጣት የግድ ከሆነ ዕቃው ላብራቶሪው የሰጣችሁ ንጹሕ ዕቃ ይሁን። የመድኃኒት ጠርሙስ አጥቦ ማምጣት አይሆንም። ናሙናው በአንድ ሰዓት ውስጥ እጄ ላይ መድረስ አለበት፤ በግማሽ ሰዓት ቢሆን ይበልጥ ደስ ይለኛል። ከኮምቦልቻ እየመጣችሁ ከሆነ ይህ ቀላል አይደለም። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ሚኒባሱ እስኪሞላ መነኻሪያ መጠበቅ አለ፣ ሐረጎ ላይ ከከባድ መኪና ኋላ መጎተት አለ። ብርዱም አለ። በኅዳር ጠዋት ናሙናውን በፌስታል አንጠልጥሎ የሚመጣ ሰው ስፐርሙን በመንገድ ላይ አደንዝዞት ይደርሳል። ከጃኬት ውስጥ፣ ከሰውነታችሁ አጠገብ ያዙት። ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት፣ የመኪና ማሞቂያ ላይም አታስቀምጡት። የወጣበትን ሰዓት ክዳኑ ላይ ጻፉ። እኔ ግን የምመክረው እዚያው ኮምቦልቻ ምርመራውን የሚሠራ ቦታ ፈልጉ፣ ወይ ደሴ መጥታችሁ ስጡ።

ወረቀቱን ማንበብ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ስድስተኛ መመሪያ ላይ ያሉት ዝቅተኛ መለኪያዎች እነዚህ ናቸው፦ መጠን 1.4 ሚሊ ሊትር፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ስፐርም፤ በጠቅላላው 39 ሚሊዮን፤ የሚንቀሳቀስ 42 በመቶ፤ ወደፊት የሚዋኝ 30 በመቶ፤ ትክክለኛ ቅርፅ ያለው 4 በመቶ። አዎ፣ አራት። «96 በመቶው የተበላሸ ነው» ብሎ ፊቱ የጠፋ ሰው በየጊዜው ስለሚመጣ ነው የምደግመው።

ቁጥሮቹ የመውለድና ያለመውለድ ድንበር አይደሉም። ሚስቶቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ካረገዙላቸው ወንዶች ከ100ው 5ቱ ከእያንዳንዱ መለኪያ በታች ነበሩ፤ ልኩ የተወሰደውም ከዚያ ነው። ስለዚህ ከበታች መሆን «አይሆንም» ማለት አይደለም፣ ከበላይ መሆንም ዋስትና አይደለም። ውጤቱ ዝቅ ካለ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይደገማል። በአንድ ወረቀት ማንም አይፈረድበትም። የአንድ ሰው ናሙና እንኳ ከወር ወር በጣም ይለያያል።

«ፐስ ሴል» የሚለው መስመር ላይ ተጠንቀቁ። በማይክሮስኮፕ ክብ ሆኖ የሚታይ ሁሉ መግል አይደለም። ያልበሰለ የዘር ሴልም ክብ ነው። ያለ ልዩ ቀለም አይለዩም። ክብ ያየውን ሁሉ ፐስ ሴል ብሎ የሚጽፍ ላብራቶሪ አለ፤ ያን ተከትሎ በአንቲባዮቲክ ላይ አንቲባዮቲክ የዋጡ ወንዶች አጋጥመውኛል። እውነተኛ ነጭ የደም ሴል በአንድ ሚሊ ሊትር ከ1 ሚሊዮን ከበለጠ ግን ችላ አይባልም። ከፍሪ ራዲካል ዋና ምንጮች አንዱ እሱ ነው፤ ኢንፌክሽን ካለ መታከም አለበት።

የዲኤንኤ መቆራረጥ ምርመራ ወይም ፍሪ ራዲካልን በቀጥታ የሚለካ ምርመራ አለ። ውድ ነው፣ የመጀመሪያ ዙር ምርመራም አይደለም። ውርጃ ከተደጋገመ ወይም ሐኪሙ ውሳኔ የሚለውጥበት ምክንያት ካለው ያዝዛል። ከዚያ በፊት ገንዘባችሁን ያዙ።

ሐኪሙ ጋ

ሐኪሙ ሊነካችሁ ይገባል። ይህን የምጽፈው ብዙ ወንድ ሱሪውን ሳያወልቅ ተመርምሮ ስለሚወጣ ነው። የቫሪኮሴል ምርመራ በእጅ ነው፣ ቆማችሁ፣ ሞቅ ባለ ክፍል። ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ወደ ታች አምጡ ይላችኋል። ስታምጡ ብቻ የሚዳሰስ አንደኛ ደረጃ ነው። ሳታምጡም የሚዳሰስ ሁለተኛ። ቆሞ በዓይን የሚታይ ሦስተኛ። በእጅ ምንም ሳይገኝ አልትራሳውንድ ብቻ ያገኘው ቫሪኮሴል ደግሞ አለ። የአሜሪካም የአውሮፓም የዩሮሎጂ (የሽንት ቧንቧና የወንድ ብልት ሕክምና) መመሪያዎች ያንን ለመውለድ ተብሎ ቀዶ ሕክምና እንዳይደረግለት ይመክራሉ። ለዚህ ነው በራስ ፈቃድ አልትራሳውንድ መነሳት መጀመሪያ መሆን የሌለበት። የሚያስጨንቅ ወረቀት ትይዙና የማያስፈልግ ቢላ ፍለጋ ትሄዳላችሁ።

ቁጥሩ በጣም ካነሰ ሐኪሙ የሆርሞን የደም ምርመራ ያዝዛል፦ ኤፍኤስኤች (ቆለጡ ስፐርም እንዲሠራ ከአንጎል ሥር የሚላከው ሆርሞን) እና ቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን)። ጂም የምትሠሩ ልጆች ደግሞ ስሙኝ። የቴስቶስትሮን መርፌ የወንድ ዘር አይጨምርም፤ ያቆመዋል። አንጎል «በቂ አለ» ብሎ ለቆለጡ የሚልከውን ትእዛዝ ይዘጋል። የወሰዳችሁ ከሆነ ለሐኪሙ ደብቃችሁ አትውጡ።

ኪኒኖቹ

ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ከሆነ አንቲኦክሲዳንት ልዋጥ ማለት ትክክል ይመስላል። እኔም ሲነገረኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ሲሞከር እንደታሰበው አልሆነም። አሜሪካ ውስጥ ሞክሲ የተባለ ጥናት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ወጣ። የዘር ፈሳሻቸው ችግር ያለበት 171 ወንዶች ተሳትፈውበታል። ግማሾቹ ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ፣ ሴሌኒየም፣ ካርኒቲን፣ ዚንክ፣ ፎሊክ አሲድና ላይኮፒን ያለበት ኪኒን ወሰዱ። ሌሎቹ ባዶ ኪኒን። ከሦስት ወር በኋላ በእንቅስቃሴም፣ በቅርፅም፣ በዲኤንኤም የረባ ልዩነት አልተገኘም፤ ቁጥሩንም ኪኒኑ አላሻሻለውም። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት 2,370 ጥንዶችን ይዞ ለወንዶቹ ዚንክና ፎሊክ አሲድ ሰጠ። የተወለደው ልጅ ቁጥር እኩል ሆነ። የዲኤንኤ መቆራረጡ እንዲያውም ኪኒኑን በወሰዱት ላይ ትንሽ ብሶ ተገኘ፤ የሆድ ሕመሙም እንዲሁ።

ይጠቅማል የሚሉ ጥናቶች የሉም አልልም። አሉ፤ ብዙዎቹ ትንንሽና ደካማ ናቸው። ስለዚህ ሐኪማችሁ ለተወሰነ ወራት ካዘዘላችሁ ውሰዱ፣ ግን ምርመራንና ሕክምናን የሚተካ አድርጋችሁ አትያዙት። በራሳችሁ ሁለት ሦስት ዓይነት ደርባችሁ አትዋጡ። ቫይታሚን ኢን በቀን 400 ዩኒት ለዓመታት የወሰዱ ጤነኛ ወንዶች ላይ የፕሮስቴት ካንሰር በ17 በመቶ ከፍ ብሎ የተገኘበት ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቷል። ቫይታሚን ማለት ጉዳት የሌለው ማለት አይደለም።

የሚስታችሁን ፎሊክ አሲድ ግን እንዳታስቆሙ! እሷ ከእርግዝና በፊት ጀምራ መውሰድ አለባት። ያ ለሕፃኑ ነው፣ ሌላ ጉዳይ ነው።

ጥቁር አዝሙድ በማር? ብሉ፣ ጣፋጭ ነው። ግን «ስድስት ወር ልሞክረውና ከዚያ እመረመራለሁ» የሚለውን አልቀበልም። ስድስት ወሩ የሚቆጠረው በሚስታችሁም ዕድሜ ላይ ነው።

ከኪኒኑ በፊት የሚቆም ነገር አለ። ሲጋራ አንደኛ ነው፤ በቀጥታ ፍሪ ራዲካል ወደ ደም ያስገባል። ሺሻም ያው ጭስ ነው። ጫት ላይ ስደርስ ወሎዬ አንባቢዬ ፊቱን እንደሚያዞር አውቃለሁ። የዱዓ ቀን ለወግ የሚቀመሰውን አላልኩም። የምለው በየቀኑ ከምሳ በኋላ ተጀምሮ፣ በሲጋራ ታጅቦ፣ ማታ በጨብሲ የሚዘጋውን ነው። በየመን በየቀኑ በሚቅሙ ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት የስፐርም ቁጥርና እንቅስቃሴ አንሶ፣ ቅርፁም ተበላሽቶ አግኝቷል። እንቅልፉም አብሮ ይሄዳል።

ሙቀት ሌላው ነው። በጅቡቲ መስመር ቀኑን ሙሉ የምትነዱ ሹፌሮች ባቲን አልፋችሁ ወደ ሚሌ ስትወርዱ ሙቀቱ ከላይም ከወንበሩም ይመጣል። በየሁለት ሰዓቱ ቆማችሁ ውረዱ፣ ተራመዱ። ጥብቅ ሱሪ ተዉ። ዳቦ ቤት ምድጃ ፊት፣ ፋብሪካ ውስጥ ቦይለር አጠገብ የምትሠሩም እንዲሁ። ላፕቶፕ ጭን ላይ አይቀመጥም። ቦርጭ ካለ ይቀነስ። ምግብን በተመለከተ የምጨምረው ብዙ የለም፤ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ምስር፣ ብርቱካን ከሰኞ ገበያ ይገኛል፣ ከኪኒኑም ይረክሳል። ይህ ሁሉ ቫልቩን አይጠግነውም። ጉዳቱን ከማባባስ ግን ያስቆማል።

ቀዶ ሕክምና

ለማን ነው? ቫሪኮሴሉ በእጅ የሚዳሰስ፣ የዘር ፈሳሽ ውጤቱ የተበላሸ፣ ልጅ የሚፈልግና ሚስቱ ልትወልድ የምትችል ሰው ዋናው ነው። ሦስቱ ካልተገናኙ ሐኪሙን «ለምን?» በሉት። ውጤቱ ጤናማ ለሆነ ሰው ለመውለድ ተብሎ አይሠራም።

የሚደረገው የተለጠጡትን ደም ሥሮች ማሰርና መቁረጥ ነው። ደሙ በሌሎች ጤነኛ ሥሮች ይመለሳል። ከብሽሽት በታች ትንሽ ተቀድዶ በማይክሮስኮፕ እየታየ የሚሠራው ተመራጭ ነው። ሐኪሙ የደም ቅዳውንና የሊምፍ መስመሮቹን ለይቶ ስለሚተዋቸው ተመልሶ መምጣቱም፣ በቆለጥ ዙሪያ ውሃ መቋጠሩም ያንሳል። ዩሮሎጂስቱን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በማይክሮስኮፕ ነው? ካልሆነ የሚሠራበት ቦታ ሊልከኝ ይችላል? ቢመለስብኝስ ምን ይደረጋል? ደግ ሐኪም አይቆጣም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ቤት ትገባላችሁ። ደገፍ የሚያደርግ የውስጥ ሱሪ ልበሱ። ጆንያ ማንሳት፣ ኳስ፣ ሞተር ሳይክል ለጥቂት ሳምንታት ይቆይ። ግንኙነት መቼ እንደሚጀመር ሐኪሙ ይነግራችኋል። ትኩሳት፣ የሚጨምር እብጠት ወይም ከቁስሉ መግል ካለ ተመለሱ።

ውጤቱስ? ከተሠራላቸው መካከል ከግማሽ በላይ በሆኑት ላይ የዘር ፈሳሹ ይሻሻላል፤ ኦክሲዴቲቭ ስትረሱና የዲኤንኤ መቆራረጡም ይቀንሳል። ሁሉም ግን አይወልድም። ተሻሽሎም ላይሳካ ይችላል። ሚስት 35ን ካለፈች ወይም የእሷም ችግር ካለ ጊዜው ውድ ነው። ቀዶ ሕክምናውንና ውጤቱን መጠበቅ ይሻላል ወይስ ፅንሱን በላብራቶሪ ማገዝ የሚለውን ከመጀመሪያው ለሁለት ሆናችሁ ጠይቁ። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ውስጥ ይህን የሚሠራ የመንግሥት ማዕከል አለ።

ናሙና ለመስጠት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሦስት ወር ጠብቁ። በሁለተኛው ሳምንት የሚመጣ ሰው አለ፤ እመልሰዋለሁ። ያኔ የማየው ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተሠራውን አሮጌውን ስፐርም ነው። በሦስተኛው ወር አንድ፣ በስድስተኛው ወር ሌላ። ከተቻለ በዚያው ላብራቶሪ፣ በዚያው የመታቀቢያ ቀን ብዛት አድርጉት፤ ያኔ ነው ለማነጻጸር የሚመቸው። የበፊቱን ወረቀትም ይዛችሁ ኑ። ታጥፎ ቢቀዳደድም ግድ የለም፣ ቁጥሩ ከተነበበ ይበቃኛል።